ለጀማሪዎች ጨዋታ ምን ዓይነት ጭራቅ እንምረጥ?

በዚህ ቡሌቲን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ልቦለድ፣ ስለ ግጥምና ስለ ተረት ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ጨዋታ ልጽፍ ተነስቻለሁ። "ትልቅ ሰው ስለ ጨዋታ ይጽፋል እንዴ?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስኪ ታገሱኝ። ጉዳዩ በክፍል ውስጥ ስለ ተጻራሪ ገጸ ባሕርይ ከምንማረው ጋር ይገናኛል። ደግሞም እኔ ተሳስቼ የተማርኩበት ነገር ስለሆነ ሌላው ሳይሳሳት ቢማርበት ይሻላል ብዬ ነው።

ጨዋታው ምንድን ነው?

በአማርኛ የተለመደ ስም ስለሌለው ልጆቹ "ሮል ፕሌይ" ይሉታል። ገጸ ባሕርይ ይዞ መጫወት ማለት ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል። አንዱ የጨዋታ መሪ ይሆናል፤ አገሩን፣ መንገዱን፣ ጠላቱን የሚተርከው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዷ መድኃኒት ዐዋቂ፣ አንዱ ሌባ ሊሆን ይችላል። መሪው "በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ የሚያቃስት ድምፅ ይሰማል። ምን ታደርጋላችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። ተጫዋቾቹ የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ነገር ሲሆን ዳይስ ይጣላል። በልጅነታችን የተጫወትነውን እቃ እቃና ማታ ማታ የሰማነውን ተረት አንድ ላይ አድርጋችሁ፣ በላዩ ላይ ሕግና ቁጥር ብትጨምሩበት እሱኑ ታገኛላችሁ።

የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ሁሉ አባት የሚባለው "ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ" ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ዛሬ ሃያ ገጽ ያለው ዳይሱ የጨዋታው መታወቂያ ሆኗል። እኛ ዳይሱን አላገኘንም። ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ጠቅልለን ፌስታል ውስጥ ከተትን፤ እንደ ዕቁብ ዕጣ እያወጣን ተጫወትን። ልብ በሉ፣ የወጣው ወረቀት ተመልሶ ፌስታሉ ውስጥ መግባት አለበት። አለበለዚያ ትልልቆቹ ቁጥሮች ቶሎ ያልቁና የሚቀጥለው ሰው ዕድል ይበላሻል።

የመጀመሪያው ስህተቴ

የተጫወትነው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ቤት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ለነገሩ ለእንዲህ ያለ ጨዋታ ጨለምለም ማለቱ ጥሩ ነው። እኔ መሪ፣ ሁለት የክፍሌ ልጆች፣ አንድ የጎረቤት ልጅና አንዲት ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት ጓደኛዬ ሆነን ተቀመጥን። አራቱም ከዚያ በፊት ተጫውተው አያውቁም።

የፈረንጅ ጭራቅ አላመጣም ብዬ ቀድሜ ወስኛለሁ። ስለዚህ ቡዳን መረጥኩ። ቀን ቀን በመንደሩ ሸክላ የምትሠራ አሮጊት አለች፤ ሌሊት ጅብ ሆና ትወጣለች። ተጫዋቾቹ ዱካውን ተከትለው ይደርሱባታል፣ ይዋጓታል፣ መንደሩ ይድናል። በወረቀት ላይ ሳየው ደስ ይላል። ጅቡ ያስፈራል፣ ምሥጢሩ ልብ ይሰቅላል፣ ሁሉም ታሪኩን ያውቀዋል። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ሁለት ሰዓት ያህል እንደተጫወትን ልጆቹ ወደ አሮጊቷ ጎጆ ደረሱ። የጎረቤታችን ልጅ ጦሩን አነሳ። ጓደኛዬ ግን ከሩብ ሰዓት በፊት ጀምሮ ዝም ብላለች። ተራዋ ደርሶ "አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?" ስላት ወረቀቷን ገልብጣ አስቀመጠችና፣ "የኔን አያት ገድለን ነው የምንጨርሰው?" አለችኝ።

አያቷ ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ አላውቅም ነበር። ቡዳ እየተባሉ ኖረው፣ በዚያው ስም ሰበብ የልጃቸው ጋብቻ ፈርሶ እንደነበርም አላውቅም። ያን ቀን ጨዋታው እዚያው ላይ ቆመ። ሻይ ጠጣንና ተለያየን።

ነገሩ ለምን ከበደ?

ቡዳ እንደሌሎቹ የተረት ጭራቆች አይደለም። ዘንዶው ወይም ጭራቁ ስምና አድራሻ የለውም። ቡዳ ግን አድራሻ ተሰጥቶታል። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ፋቂው ቡዳ ነው ተብሎ በአገራችን ብዙ ቦታ ሲነገር ኖሯል። ቤተ እስራኤሎችም በዚሁ ስም ተሰድበዋል። ማረሻውን የሚሠራለትን፣ ምጣዱንና ጀበናውን የሚያቀርብለትን ሰው ኅብረተሰቡ ይፈልገዋል፤ ግን አብሮት አይበላም፣ ልጁን አይድርለትም፣ መሬትም ይነፍገው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያዎችን በሙያቸው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ይታወቃል። አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል።

ይህ የኛ ጉዳይ ብቻ ግን አይደለም። ጥንት ሮማዊው ፕሊኒ ስለ ጅብ ሲጽፍ፣ ወደ እረኞች ጎጆ ተጠግቶ የሰው ድምፅ እንደሚያስመስል፣ የአንዱን ሰው ስም ተምሮ በስሙ እየጠራ ከቤት አውጥቶ እንደሚበላው ተናግሯል። ከጅብና ከኢትዮጵያ አንበሳ የሚወለድ፣ እሱም የሰው ድምፅ የሚያስመስል "ኮሮኮታ" የሚባል አውሬ አለም ይላል። "ካቶብሌፓስ" የሚባለውን፣ ያየውን ሁሉ በዓይኑ የሚገድል ከባድ ጭንቅላት ያለውን አውሬም ያኖረው በምዕራብ ኢትዮጵያ ነው። በእርግጥ በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ማለታቸው ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የጭራቆች መጽሐፍ ሲታተም ካቶብሌፓስም፣ የኮሮኮታ ዘመድ የሆነው "ሉክሮታ"ም ገቡበት። "ኖል" የሚባሉት የጅብ ራስ ያላቸው ፍጡሮችም እዚያው አሉ።

ፕሊኒ ጭራቆቹን ያስቀመጠው እሱ በማያውቀው አገር ላይ ነው። እኛ ደግሞ ጎረቤታችን ላይ አስቀመጥን። ስለዚህ ባላንጣ ስንመርጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን "ያስፈራል ወይ?" የሚለውን ብቻ አይደለም። "ይህ ስም በማን ላይ ተለጥፎ ያውቃል?" ብለንም መጠየቅ አለብን።

የቀሩትን እጩዎች እንያቸው

እሺ፣ ቡዳ ከወጣ ማን ይቀራል? ከዚያ ቀን በኋላ ተረቶቻችንን አንድ በአንድ ሳገላብጥ ነበር።

የመጀመሪያው ዘንዶ ነው። በአክሱም ትውፊት አርዌ የሚባለው ዘንዶ በአገሩ ነግሦ ሕዝቡን ሴት ልጅና ከብት ያስገብር ነበር። በአንደኛው አነጋገር አንጋቦ የተባለ ሰው መርዝ ባበላት ፍየል አማካይነት ገደለውና ነገሠ፤ የንግሥተ ሳባም አባት እሱ ነው ይባላል። ኤኖ ሊትማን የተባለው ጀርመናዊ ምሁር በ1904 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሌላ አነጋገር ደግሞ፣ ለዘንዶው ተራዋ ደርሶ ዛፍ ላይ የታሰረችውን ልጅ ቅዱሳን ያድኗታል፤ የዘንዶው ደም እግሯ ላይ ሲንጠባጠብ ግን እግሯ የአህያ ይሆናል። ከጨዋታ አንጻር ስታዩት ግሩም ነው። አርዌ የሚፈልገው ነገር አለው፤ ግብር። ጊዜ ጠብቆ ይመጣል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ "ቀጣዩ ተራ የማን ነው?" ብሎ ይጨነቃል። በጉልበት ሳይሆን በብልሃት ይሸነፋል። ከሞተ በኋላም ጣጣው አያልቅም።

ይሁንና ለጀማሪ ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ንጉሥ ነው። ትናንት ጦር የያዙ አራት ልጆች ዛሬ ንጉሥ ከገደሉ ነገ ምን ሊሠሩ ነው? ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በስሙ ውስጥ ዘንዶ ይዞ እንኳ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጀማሪዎች ጥቅል ውስጥ ተጫዋቾቹን መጀመሪያ የሚያገናኛቸው መንገድ ላይ ከሸመቁ አራት ትንንሽ ጎብሊኖች ጋር ነው። ዘንዶው የሚመጣው ቆይቶ ነው። ሁለተኛ፣ ዘንዶ በኛ ዘንድ ከእምነት ጋር የተያያዘ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል የማያውቅ የለም። በደብረ ዳሞ ትውፊት ደግሞ ዘንዶው አቡነ አረጋዊን ወደ አምባው ያወጣ አገልጋይ ነው። አብረውን የሚቀመጡት ሰዎች እምነታቸው የተለያየ ሊሆን ስለሚችል ተጠይቆ ቢገባበት ይመረጣል።

ሁለተኛዋ ወርዜልያ ናት። በክታቦች ላይ የቅዱስ ሱስንዮስ ጠላት ሆና የምትጠቀሰው፣ ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለው ማለት ነው። ታሪኳ ኃይለኛ ነው። ግን ጠረጴዛው ዙሪያ ካሉት ውስጥ እናቱ ልጅ የሞተባት፣ ወይም ታናሽ እህቱን ያጣ ሊኖር ይችላል። ለመጀመሪያ ቀን ጨዋታ አላመጣትም።

ሦስተኛው ተራ ጅብ ነው፤ ቡዳነት የሌለበት፣ አውሬው ራሱ። ይህ ለመግቢያ አይከፋም። ግን ጅብ ብቻውን ዋና ባላንጣ አይሆንም፤ ምክንያቱም የሚፈልገው መብላት ብቻ ነው፤ ከጠገበ ይሄዳል። ደግሞ ከተጫዋቾቹ መካከል የሐረር ልጅ ካለ ጉድ ፈላ! እዚያ ማታ ማታ ጅብ በእጅ ሲመገብ እያየ ያደገ ልጅ ጦሩን ጥሎ ሥጋ ፍለጋ ይሄዳል።

አራተኛው ራሱ ጭራቅ ነው። "ጭራቅ መጣብህ" ተብሎ ያልተፈራራ ልጅ የት አለ? ጭራቅ ሆዳም ነው፣ ጉልበተኛ ነው፣ ይዋሻል፣ ግን ይሞኛል። በተረቶቻችን ውስጥ ብዙ ጊዜ ጭራቅን የሚያሸንፈው ትንሹና ብልሁ ልጅ ነው። ከምንም በላይ ደግሞ እንደ ቡዳ በአንድ ሙያ ወይም በአንድ ዘር ላይ የተለጠፈ ስም አይደለም። እኔ ይህን መረጥኩ።

ጥሩ ባላንጣ ምን ሊኖረው ይገባል?

ከዚህ ሁሉ የተረፈኝን ባጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ፍላጎት ይኑረው። "ክፉ ስለሆነ ክፉ ይሠራል" አይበቃም። ተጫዋቹ ፍላጎቱን ካወቀ ሊደራደር፣ ሊያታልል፣ ሊያጠምድ ይችላል። ካላወቀ መደባደብ ብቻ ይቀረዋል።

ሁለተኛ፣ ሳይታይ በፊት ይታወቅ። በ2014ቱ ጥቅል ውስጥ "ጥቁሩ ሸረሪት" የሚባለው ባላንጣ መጨረሻ አካባቢ ነው የሚገኘው፤ ስሙ ግን ብዙ ቀደም ብሎ ይሰማል። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የጀማሪዎች ሳጥን ደግሞ ሌላ መንገድ ተጠቅሟል። አሊና የምትባል ደግ ሴት አንባቢውን ታስተምራለች፣ ትረዳዋለች፤ ከዚያ ባርግል የተባለው ጠንቋይ ይገድላታል። በቃ! ባርግልን ለመጥላት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ከጉልበት ሌላ መሸነፊያ ይኑረው። አንጋቦ ዘንዶውን በጡንቻ አላሸነፈም።

አራተኛ፣ ቁጥሩ ከጀማሪ አቅም ጋር ይመጣጠን። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አራት ተጫዋቾች አሉ እንበል። 11ና ከዚያ በላይ ያወጣ ይመታል ካልን፣ ከ20ው ቁጥር 10ሩ ስለሚያስመታ እያንዳንዱ በአማካይ ከሁለት ጊዜ አንዴ ይመታል። አንድ ምት 5 ነጥብ ከቀነሰ፣ በአንድ ዙር በአማካይ 2 ምት፣ ማለትም 10 ነጥብ ይቀነሳል። ስለዚህ 30 የሕይወት ነጥብ ያለው ጭራቅ ሦስት ዙር ያህል ይቆያል። ይህ ለጀማሪ በቂ ነው፤ 100 ብታደርጉት ዐሥር ዙር ይፈጅና ሰዉ ስልኩን ማውጣት ይጀምራል።

ተጫዋቾቹ 10 10 የሕይወት ነጥብ ካላቸው ደግሞ ጭራቁ በአንድ ምት 10 መቀነስ የለበትም። እንዲያ ከሆነ ባልታደለ ቀን ከአራቱ ሦስቱ በሦስት ዙር ይዘረራሉ። 4 ቢሆን ይሻላል፤ ሦስቴ የተመታ ይወድቃል፣ ሁለቴ የተመታ ግን ፈርቶ ይሸሻል። ፍርሃቱን ነው የምንፈልገው። አንድ ነገር አትርሱ፤ ብቻውን የሆነ ጭራቅ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ተጫዋቾቹ ግን አራት ጊዜ። ስለዚህ 5 5 ነጥብ ያላቸው ሁለት ትንንሽ አጋዦች ስጡት። እነሱ በአንድ ምት ይወድቃሉ፤ ተጫዋቹም ገና ከጅምሩ አንድ ነገር እንዳሸነፈ ይሰማዋል።

አምስተኛ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከመጀመራችሁ በፊት "በጨዋታው ውስጥ እንዳይመጣባችሁ የምትፈልጉት ነገር አለ?" በሉ። ምክንያቱን ማንም የመናገር ግዴታ የለበትም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ያን አምስት ደቂቃ ባለመስጠቴ ነው የሁለት ሰዓት ጨዋታና የጓደኛዬ ቀን የተበላሸው።

ሁለተኛው ጨዋታ

ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ተሰበሰብን። ጓደኛዬን ይቅርታ ጠይቄ ነበር። "እመጣለሁ፤ ግን ገጸ ባሕርዬን ራሴ ነው የምመርጠው" አለችኝ። ሸክላ ሠሪ ሆና መጣች።

ታሪኩን ቅርብ አገር አደረግኩት። ከበረንዳችን ላይ የሚታየውን ፉሪ ተራራን ወሰድኩ። ከሥሩ አንድ መንደር አለ፤ የመንደሩ ምንጭ እየደረቀ ነው። ጀሞ የሚኖር ሰው ስለ ውሃ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ፈረቃ ጠብቆ፣ ቢጫ ጀሪካን ደርድሮ ያደገ ነው። ጭራቁ የምንጩን ዓይን በድንጋይ ዘግቷል፤ ራሱ ግን ሰው መስሎ፣ ነጭ ለብሶ፣ በመንደሩ ሽማግሌ ቤት እንግዳ ሆኖ ተቀምጧል። "ውሃችሁን እኔ አስመልስላችኋለሁ፣ ከሦስት ጀሪካን አንዱን ስጡኝ" ይላል። ፍላጎቱ ይህ ነው። ሳይጠግብ ይጠጣል።

ምልክቱን ከተረታችን ተዋስኩ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ "ቁርበት አንጥፉልኝ" አለ ይባል የለ? እንግዳችንም ገና እንደገባ ስለ ቁርበቱ መጠየቅ ጀመረ። ይህን ስናገር የጎረቤታችን ልጅ ሳቀና "ያዝነው!" ብሎ ጮኸ። ሌሎቹ ግን ገና ማስረጃ ይፈልጋሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲከራከሩ፣ ዱካ ሲፈልጉ፣ ሽማግሌውን ሲጠይቁ ቆዩ። እኔ ሻዬን እየጠጣሁ አዳመጥኩ።

መጨረሻ ላይ ጦሩ ሊነሳ ሲል ጓደኛዬ አስቆመቻቸው። ወደ ጭራቁ ቀርባ፣ "ጌታዬ፣ ለርስዎ የሚመጥን ጋን ሠርቻለሁ፤ ግን ስፋቱ ይበቃዎት እንደሆነ ገብተው ቢለኩት" አለች። ያምናት እንደሆነ ለማየት ዕጣ አወጣች፤ 17 ወጣ። ጭራቁ ገባ፣ ክዳኑ ተከደነ። ያዘጋጀሁት 30 ነጥብ ሳይነካ ቀረ።

አንደኛው የክፍሌ ልጅ "ሳንዋጋ?" ብሎ ትንሽ ቅር ተሰኘ። እውነቱን ነው፤ ለሚቀጥለው ሁለቱን አጋዦች አስቀርቼለታለሁ። ጓደኛዬ ወረቀቶቹን ወደ ፌስታሉ እየመለሰች "አያቴ እንደዚያ ያለ ትልቅ ጋን ትሠራ ነበር" አለች። የጎረቤታችን ልጅ "የት አለ? አሳዪን" አላት። እናቷ ቤት አንድ እንደቀረ ነገረችን።

በዲፓርትመንታችን መጫወት የሚፈልግ ካለ ወረቀትና ፌስታል እኛ ጋ አለ። እናንተም በየአካባቢያችሁ የምታውቁት ጭራቅ ካለ ለሚቀጥለው ቡሌቲን ጻፉልን። ብቻ ስትመርጡ፣ ስሙ የማንን በር ሲያንኳኳ እንደኖረ ጠይቃችሁ ይሁን። ቸር እንሰንብት።